የዕለት ዕቃ ቅርጻ ቅርጽ

የዕለት ዕቃ ቅርጻ ቅርጽ ሰው በየቀኑ የሚነካውን ግን የማያስተውለውን ነገር (ክር፣ ፎጣ፣ የወረቀት ከረጢት፣ ዱባ፣ ሽቦ፣ አዝራር) መጠኑን፣ ቦታውን ወይም ብዛቱን በመለወጥ እንደ አዲስ እንዲታይ የሚያደርግ የጥበብ ዘርፍ ነው። ትንሹ ይገዝፋል፤ ትልቁ በመዳፍ ላይ ይቀመጣል፤ አንዳንዴም ዕቃው መጠኑን ሳይለውጥ በሺህ ተባዝቶ ሌላ ነገር ይመስላል። ዘርፉ በዘመናችን በይበልጥ የሚታወቀው በጃፓን ሠዓልያንና ቀራፅያን ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ ዋነኛ ተጠቃሹ አዲስ አበባ የሚኖረው ኤልያስ ስሜ ሲሆን፣ ከእርሱ በፊት በጎንደር ደጋ፣ በደብረ ታቦርና በወለቃ፣ በዕቃና በመጠን ዙሪያ የተሠሩ ነገሮች ለጉዳዩ የራሳቸው ታሪክ አላቸው።

በዚህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት ያለባቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን፣ ዓ.ም. የሚል ያለባቸው እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

መጠን ምን ይሠራል?

ዕቃ ሁሉ የተለካው በሰው አካል ነው። ስኒ ለሁለት ጣትና ለከንፈር፣ ዕርፍ ለገበሬ መዳፍ፣ መሶብ ተቀምጦ ለሚበላ ሰው ክንድ ይበጃል። ስንዝር፣ ክንድና ጋት የሚባሉት መለኪያዎች ራሳቸው የአካል ስሞች ናቸው። ስለዚህ አንድ ዕቃ ከልኩ ሲወጣ በመጀመሪያ የሚደናገረው እጅ ነው። ሊይዘው አይችልም። እጅ ሥራ ሲፈታ ዐይን ይጀምራል፤ እስከዚያ ድረስ ዕቃውን ያውቀው የነበረው እጅ ብቻ ነበርና።

በዚህ ረገድ በዓለም ላይ ተደጋግሞ የሚጠቀሰው ምሳሌ በስቶክሆልም ተወልዶ በአሜሪካ የሠራው ክላስ ኦልደንበርግ እ.ኤ.አ. በ1976 በፊላደልፊያ ከተማ ያቆመው የልብስ ማስጫ መቆንጠጫ ነው። ቁመቱ 14 ሜትር ገደማ ነው። ገመድ ላይ ሲሰቀል ማንም የማያየው ነገር በዚህ ቁመት ሲቆም ሁለቱ ክፍሎቹ እርስ በርስ የተቃቀፉ ሰዎች ይመስላሉ፤ መሐል ያለው ጠመዝማዛ ብረትም እንደ ክንድ ያስተሳስራቸዋል። ቅርጹ አልተለወጠም። የተለወጠው ተመልካቹ የሚቆምበት ቦታ ነው፤ አሁን ከሥሩ ሆኖ ወደ ላይ ያያል።

ማሳነስ ግን የተለየ ሥራ አለው። ትንሽ ነገር ለማየት ሰው ያጎነብሳል፣ ይጠጋል፣ ትንፋሹን ይይዛል። ትልቅ ሐውልት ሕዝብን በአንድ ጊዜ ያናግራል፤ ትንሽ ቅርጽ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያናግረው።

በመጠን መጫወት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ከሮማ የተመለሰው 24 ሜትር የሚሆነው የአክሱም ሐውልት አንድ ወጥ ድንጋይ ሲሆን፣ ፎቅ በፎቅ የተደራረበ ቤት ሆኖ ተጠርቧል። መስኮት አለው፣ የወለል አግዳሚ ወጥቶ ይታያል፣ ከታች ደግሞ የማይከፈት በር ከነመዝጊያው ተቀርጾበታል። ሠሪዎቹ የሚያውቁትን የእንጨትና የድንጋይ ቤት ወስደው ማንም ሊኖርበት ወደማይችል ቁመት አደረሱት። ያም ሆኖ ይህ የመቃብር ምልክት ነው፤ ጨዋታ ብለን ብንጠራው እንኳ የነገሥታት ጨዋታ ነው። የዕለት ዕቃ ቅርጻ ቅርጽ የሚለየው ከጓዳና ከገበያ መነሣቱ ላይ ነው።

የጃፓን መንገድ

ጃፓኖች ሚታቴ የሚሉት የቆየ ዘዴ አላቸው። ትርጉሙ አንዱን ነገር እንደ ሌላ አድርጎ ማየት ነው። የሻይ ሥርዓትን መልክ ያስያዘው ሰን ኖ ሪኪዩ (እ.ኤ.አ. ከ1522 እስከ 1591) የዓሣ አጥማጅ ቅርጫት ወስዶ የአበባ ማስቀመጫ አደረገው ይባላል። ቅርጫቱ ላይ የተጨመረ ነገር የለም፤ ቦታው ብቻ ተለወጠ። ለአማርኛ አንባቢ ቅርቡ ንጽጽር ሰምና ወርቅ ነው፤ ልዩነቱ ግን መታወቅ አለበት። በቅኔ ወርቁ ከሰሙ ሥር ይደበቃል፤ ፈቺ ይፈልጋል። በሚታቴ ቅርጫቱም ማስቀመጫውም በአንድ ጊዜ ይታያሉ፤ የተደበቀ ነገር የለም።

ከዚህም ሌላ ጃፓኖች ለትንሽ ነገር የቆየ ፍቅር አላቸው። ኪስ በሌለው ልብስ መቀነት ላይ ከረጢት ለማንጠልጠል የሚያገለግሉት ኔትሱኬ የተባሉ ቅርጾች ከለውዝ ብዙም አይበልጡም፤ ነገር ግን ከእንጨትና ከዝሆን ጥርስ በጥንቃቄ የተፈለፈሉ ናቸው። በምግብ ቤት መስኮት የሚደረደሩት፣ እውነተኛ የሚመስሉ የሰም (ዛሬ የፕላስቲክ) ምግቦችም የዚሁ ችሎታ ዘመድ ናቸው።

የዛሬዎቹ ሠዓልያን ከዚህ ተነሥተው በተለያየ አቅጣጫ ሄደዋል። ያዮይ ኩሳማ እ.ኤ.አ. በ1929 ዘር አፍልቶ ከሚሸጥ ቤተሰብ ተወለደች፤ ዱባን ከልጅነቷ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1994 በናኦሺማ ደሴት የባሕር ዳርቻ መድረክ ጫፍ ላይ ያስቀመጠችው ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ቢጫ ዱባ ከአንድ ሰው ቁመት ጥቂት ይበልጣል። በነሐሴ ወር 2021 (እ.ኤ.አ.) ማዕበል አንሥቶ ባሕር ውስጥ ጣለው፤ በቀጣዩ ዓመት አዲስ ተሠርቶ ተተካ። ዱባው ሲወሰድ በቪዲዮ ያየው ሰው ብዙ ነው። የገዘፈ ዱባ በውኃ ላይ ሲንሳፈፍ የዱባ ነገር ነውና ያስቃል፤ ብዙዎችን ግን እንደ ዘመድ አሳዝኗል።

ዮሺሂሮ ሱዳ (እ.ኤ.አ. በ1969 የተወለደ) በተቃራኒው አያገዝፍም። ከእንጨት አበባና አረም ይቀርጻል፤ ልኩም የእውነተኛው ተክል ልክ ነው። ሥራው ያለው በማስቀመጫው ላይ ነው። ሰፊ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ከግድግዳው ሥር አንዲት አረም ወለሉን ሰንጥቃ የወጣች መስላ ትቆማለች፤ ጎብኚው አዳራሹ ባዶ ነው ብሎ ሊወጣ ሲል ያያታል። እዚህ መጠኑን የሚለውጠው ክፍሉ ነው።

ታካሂሮ ኢዋሳኪ እ.ኤ.አ. በ1975 በሂሮሺማ ተወለደ። ከፎጣና ከልብስ ላይ ክር እየመዘዘ፣ በሙጫ እያጠነከረ፣ የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ምሰሶና የግንባታ ክሬን ይሠራል። የተከመረው ፎጣ ተራራ ይሆናል፤ ምሰሶው ከራሱ ከፎጣው ክር የበቀለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በቬኒስ ቢየናሌ ጃፓንን ወክሎ ሲያሳይ በወለሉ ላይ ቀዳዳ ነበር፤ ጎብኚ ከምድር ቤት ራሱን ብቅ አድርጎ በክር ምሰሶዎቹ መካከል ግዙፍ ሆኖ ይገኛል። ከላይ ያሉት ሰዎች ደግሞ አንገት ብቻ ያያሉ። በአንድ ከተማ አመድ ላይ ያደገ ሰው ከተማን በክር መሥራቱ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም።

የኦኪናዋው ዩከን ቴሩያ ከማክዶናልድስና ከመሰል ሱቆች የወረቀት ከረጢት ወስዶ ከላይኛው ገጹ ላይ የዛፍ ቅርጽ ይቆርጣል፤ የተቆረጠውን ወደ ውስጥ አውርዶ ያቆመዋል። ብርሃን በተቆረጠው ቀዳዳ ገብቶ በዛፉ ላይ ያርፋል። ምንም አይጨመርም፣ ምንም አይጣልም፤ ወረቀቱ ከዛፍ እንደመጣ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል። ታትሱያ ታናካ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በየቀኑ አንድ ፎቶግራፍ ያወጣል፤ ብሮኮሊ የተባለው አትክልት ደን፣ የወጥ ቤት ዕቃ ሕንፃ፣ ጣት የማያህሉ ሰዎችም ነዋሪ ይሆናሉ። ይህ ከሁሉ ይልቅ ለጨዋታ የቀረበ ነው፤ አንዳንዱ ፈገግ አሰኝቶ ያልፋል።

ታትሱ ኒሺ የሚባለው የናጎያ ሰው የሚሠራው በሐውልቶች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ዮርክ ኮሎምበስ አደባባይ በከፍተኛ ዓምድ ላይ የቆመውን የክሪስቶፈር ኮሎምበስ ሐውልት ዙሪያውን በብረት መወጣጫ ከቦ፣ ከላይ ሳሎን ሠራለት፤ ሶፋ፣ ቴሌቪዥን፣ ምንጣፍ አሟላ። ስድስት ፎቅ የሚያህል ደረጃ ወጥቶ የገባ ጎብኚ ከመንገድ ሲታይ ትንሽ የነበረውን ሐውልት 4 ሜትር ሆኖ በሳሎን ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ያገኘዋል። በደቡብ ጎንደር ጋይንት የምትገኘውን የቤተልሔም ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው በዚህ ብዙ አይደነቅም። እዚያ ከውጭ የሚታየው እንደ ማንኛውም የደጋ ቤተ ክርስቲያን ክብና የሣር ክዳን ያለው ነው፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን በአክሱም የአሠራር ስልት የተሠራ ጥንታዊ ባለ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ቆሟል። የጋይንቱ የተሠራው ለጥበቃ እንጂ ለትዕይንት አይደለም። ቢሆንም ቤትን በቤት መክደን የሚፈጥረው ስሜት አንድ ነው፤ የውጩ ትልቅ የነበረው የውስጡ ልብስ ሆኖ ይገኛል።

ዕቃውና ሠሪው

በጃፓንና በኢትዮጵያ መካከል ያለውን ልዩነት ለመረዳት ከሠዓልያኑ ይልቅ ወደ ዕቃ ሠሪዎቹ መሄድ ይበጃል። በጃፓን ያናጊ ሶኤትሱና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሚንጌይ የሚል ቃል ፈጠሩ፤ የሕዝብ ዕደ ጥበብ ማለት ነው። ስሙ ያልታወቀ ሸክላ ሠሪ ለዕለት አገልግሎት ያበጀው ጎድጓዳ ሳህን ከታላላቅ ሥዕሎች የማያንስ ውበት አለው ብለው ተከራከሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1936ም በቶኪዮ ለዚሁ ሙዚየም ከፈቱ። ስለዚህ አንድ የጃፓን ሠዓሊ ፎጣ ወይም ሳህን ሲያነሣ ዕቃው አስቀድሞ ክብር አለው። ሠዓሊው ያን ክብር ሊጠቀምበት ወይም ሊያፌዝበት ይችላል።

በኢትዮጵያ ደጋ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ፋቂ ለብዙ ዘመን የተናቁ ነበሩ። በብዙ ስፍራ ርስት አልነበራቸውም፤ ከሌላው ጋር አይጋቡም፤ ቡዳ እየተባሉም ይፈሩና ይገፉ ነበር። ጀበናውና ድስቱ ከቤት አይለይም፤ ሠሪዋ ግን ከማዕድ ትለያለች። ማረሻ የማይፈልግ ገበሬ የለም፤ ማረሻውን የቀጠቀጠውን ሰው ግን በዐይኑ ያየኛል ብሎ የሚሸሽ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ያሳያል፤ ያልነበረ ስድብ አይከለከልም። በዚህ አገር የዕለት ዕቃን አንሥቶ ለእይታ ማቅረብ ከመጠን ጨዋታ ያለፈ ነገር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ዕቃውን ያየ ሰው ሠሪውን ከማየት አይድንም።

ጋፋትና ሴባስቶፖል

ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ ያለችው ጋፋት በዚህ ታሪክ ልዩ ቦታ አላት። ዐፄ ቴዎድሮስ ለስብከት የመጡትን ባለሙያ ሚስዮናውያን፣ ቴኦፊል ዋልድማየርን፣ ካርል ዛልሙለርንና ሌሎችንም፣ በዚያ አስፍረው የብረትና የናስ ሥራ እንዲሠሩና ለአገሬው እንዲያስተምሩ አደረጉ። በአገሩ የተናቀው የእሳትና የመዶሻ ሥራ በንጉሥ ፊት የሚሠራ ሥራ ሆነ። ከተደጋጋሚ ሙከራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1867 አካባቢ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው መድፍ ተጣለ፤ በክራይሚያ ጦርነት በከባድ ከበባ ስሟ በገነነው ከተማ ስምም ሴባስቶፖል ተባለ። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ያለውን ገደልና ወንዝ ለማሻገር መንገድ እየተጠረገ ብዙ መቶ ሰው ጎተተው፤ ጉዞው ወራት ፈጀ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ መቅደላ ላይ ሲሞቱ መድፉ የታሰበለትን ሥራ ሳይሠራ ቀርቷል። ዛሬም እዚያው አለ።

ሴባስቶፖል የዕለት ዕቃ አይደለም፤ ቀራፂም አልሠራውም። ወደዚህ ጽሑፍ የሚያስገባው በአዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ቅጂው ነው። የመዲናዋ የቆዩ ሐውልቶች እንደ ዐፄ ምኒልክ በፈረስ ላይ ወይም እንደ ይሁዳ አንበሳ ባለ ሕይወት ናቸው። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ግን ዕቃ ብቻ ነው ያለው። ንጉሡ የሉም፤ የንጉሡ ምኞት መጠን ነው የቆመው። ኢትዮጵያ ውስጥ አንድን ሰው ያለ ሰውየው መልክ፣ በዕቃ ብቻ የሚያስታውስ ሐውልት ሲታሰብ መጀመሪያ የሚመጣው ይህ ነው። የሚያሳዝነው ብዙ መንገደኛ የመድፉን ስም እንጂ የተሠራበትን ጋፋትን አለማወቁ ነው።

የወለቃ ትንንሽ ሸክላዎች

ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን በደባርቅ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ያለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። ወንዶቹ ቀጥቃጮችና ሸማኔዎች፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ጋን፣ እንስራ፣ ምጣድና ድስት ይሠሩ ነበር፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጎብኚ መምጣት ሲጀምር ግን በዚያው ጭቃና በዚያው እሳት መዳፍ የሚያህሉ ሰዎችና እንስሳት መሥራት ጀመሩ። ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ፣ አንበሳ፣ የዳዊት ኮከብ፣ ከገጠር ኑሮ የተወሰዱ ሰዎች ከብዙዎቹ ጥቂቶቹ ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እንስራ ሻንጣ ውስጥ አይገባም።

እነዚህን ቅርጾች የማስታወሻ ዕቃ ናቸው ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ነገር ግን አሠራራቸው ሲታይ የሠሪዎቹ እጅ ከእንስራው የለመደውን ሁሉ ይዞ ነው ያነሰው። ሆዱ የተነፋው፣ አንገቱ የተሳበው፣ ጆሮው የተለጠፈው ሰው የእንስራ ዘመድ ነው። ብዙኃኑ የመንደሩ ነዋሪዎች እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ሥራውን የቀሩት ጎረቤቶች ይዘውታል። በገዛ አገሩ ቡዳ ተብሎ የተገፋ እጅ የሠራው ነገር በውጭ አገር ሰው ቤት መደርደሪያ ላይ በክብር መቀመጡ ከመጠን ለውጡ የማያንስ ለውጥ ነው።

ኤልያስ ስሜ

ኤልያስ ስሜ እ.ኤ.አ. በ1968 በአዲስ አበባ ተወለደ። በልጅነቱ መስፋትና የተሰበረ የቤት ዕቃ መጠገን ይወድ ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት (ዛሬ በመሥራቹ በአለ ፈለገ ሰላም ስም የሚጠራው) ግራፊክ ጥበብ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1990 ተመረቀ። በሸራ ላይ ቀለም ከመቀባት ይልቅ በክር መስፋትን መረጠ፤ ነጥብ በነጥብ፣ ስፌት በስፌት ሰዎችንና ሰፈሮችን ሰፋ። አዝራር፣ የጠርሙስ ክዳን፣ ቆዳ፣ ቀንድና ጭቃ ከዚያ ቀጥለው መጡ። መርፌ ይዞ ቀን ሙሉ መቀመጥ በሚናቅበት አገር የተማረ ወንድ ሠዓሊ ይህን መምረጡ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል።

ዕቃዎቹን የሚያገኘው ከመርካቶ፣ በተለይም ከምናለሽ ተራ ነው። ምናለሽ ተራ ለማያውቅ፣ አንዴ ያገለገለ ነገር ሁሉ ሁለተኛ ሕይወት የሚያገኝበት ገበያ ነው፤ ቆርቆሮ ምድጃ ይሆናል፣ ጎማ ጫማ ይሆናል፣ በርሜል ሣጥን ይሆናል። እዚያ ቆሻሻ የሚባል ነገር የለም፤ ገና ገዢ ያላገኘ ዕቃ ብቻ አለ። ኮምፒውተርና ሞባይል ሲበዛ የእነርሱም ሬሳ ወደዚያው መጣ። ኤልያስ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ «የገመድ ላይ ጉዞ» ተብሎ ሊተረጎም በሚችል ርዕስ (በእንግሊዝኛው ታይትሮፕ) ተከታታይ ሥራዎቹን የሠራው በእነዚህ ነው። ርዕሱ ቴክኖሎጂ በሚያመጣው ጥቅምና በሚወስደው ነገር መካከል ሚዛን ጠብቆ መሄድን ያመለክታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከተፈቱ ማሽኖች የወጡ ባለ ቀለም የኤሌክትሪክ ሽቦዎች እንደ ጸጉር ወይም እንደ አለላ ተጎንጉነው በእንጨት ጣውላ ላይ በሚስማር ይመታሉ። ሌላው ክፍል በማዘርቦርድ ቁራጮች፣ በኮምፒውተር ፊደል ቁልፎች፣ በትንንሽ ብረቶች ይሞላል። ብዙ ጣውላዎች ተጋጥመው ሜትሮች የሚረዝም ሥራ ይሆናሉ። ከረዳቶቹ ጋር የሚሠራው ይህ ሥራ ጊዜ ይበላል። አንዲት ሽቦ ዋጋ የላትም፤ አሥር ሺህ ሽቦ በሰው ጣት ሲጎነጎን ግን ሌላ ነገር ነው።

የኤልያስ ሥራ ከጃፓኖቹ የሚለየው መጠንን የሚለውጠው ተመልካቹ በሚቆምበት ርቀት መሆኑ ነው። ከሩቅ ሲታይ መሬት ነው፤ ከአውሮፕላን መስኮት እንደሚታይ እርሻ፣ ወንዝ፣ ከተማ ይመስላል። የጉናን ተዳፋት ከፍ ካለ ቦታ በመስከረም ያየ ሰው አረንጓዴው፣ ቢጫውና ቡናማው ማሳ በድንበር ተቆራርጦ እንዴት እንደሚጣጣም ያውቃል፤ ያ ነው የሚታየው። አምስት ስድስት እርምጃ ሲጠጉ መሬቱ ይጠፋል፤ ጨርቅ ይሆናል፣ የተሸመነ ወይም የተሰፋ። አፍንጫን አስጠግተው ሲያዩ ደግሞ ጨርቁም ይጠፋና የቁልፍ ሰሌዳ ፊደላት፣ የተቃጠለ ብረት፣ የሆነ ሰው ዓመታት የተጫነው ቁልፍ ይቀራል። በሦስት እርምጃ ውስጥ ሰው ከተራራ ጫፍ እስከ ጥፍር ጫፍ ይወርዳል። ኢዋሳኪ ከፎጣ ላይ ከተማ ሲያበቅል ፎጣው ፎጣ መሆኑን አንረሳም። ኤልያስ ግን እስክንጠጋ ድረስ ዕቃውን ያስረሳናል፤ ስንጠጋ ያስታውሰናል።

ብዙ ጊዜ ሥራው የኤሌክትሮኒክ ቆሻሻን ለመቃወም የተሠራ ተደርጎ ይቀርባል። ይህ የሥራው አንድ ገጽ ነው፤ ብቻውን ሲነገር ግን ያጠበዋል። ሠዓሊውን የሚስበው ዕቃው ያለፈባቸው እጆች ናቸው፤ ያመረተው፣ የተጠቀመበት፣ የፈታው፣ የሸጠው፣ በመጨረሻም የጎነጎነው እጅ። አንዱ ማዘርቦርድ በሩቅ አገር ፋብሪካ ተሠርቶ፣ በሌላ አገር ቢሮ አገልግሎ፣ መርካቶ ይደርሳል። እንስራ ስትሰበር ገሉን እሳት መጫሪያ ማድረግን ለሚያውቅ ሕዝብ የዕቃ ሁለተኛ ሕይወት አዲስ ሐሳብ አይደለም።

የውጭው ዓለም ኤልያስን በሰፊው ያወቀው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በሳንታ ሞኒካ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ትልቅ ዐውደ ርእይ አሳየ፤ በዚያው ዓመት የሠራቸው ዙፋኖች ፒተር ሴላርስ ባዘጋጀው የስትራቪንስኪ «ኤዲፐስ ንጉሥ» ትርኢት ላይ በሎስ አንጀለስ መድረክ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም ሽልማት ተቀበለ፤ በ2020 ለሁጎ ቦስ ሽልማት ከታጩት ስድስት ሠዓልያን አንዱ ነበር። በ2022 በቬኒስ ቢየናሌ ዋናው ዐውደ ርእይ ተካትቷል። በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየምም ሥራው ይገኛል። አገር ውስጥ ግን ስሙ ከሥዕል ወዳጆች ክበብ ብዙም ያልወጣበት ጊዜ ረጅም ነበር።

ዞማ

ኤልያስ ከአንትሮፖሎጂ ባለሙያዋና የዐውደ ርእይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ዞማ ዘመናዊ የጥበብ ማዕከልን መሠረተ። ስሙ በወጣትነቷ በካንሰር ላረፈችው ሠዓሊ ዞማ ሽፈራው መታሰቢያ ነው። ከዚህ የተነሣው የዞማ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2019 በአዲስ አበባ መካኒሳ አካባቢ፣ ቀድሞ የተበከለ በነበረ መሬት ላይ ተከፈተ። በግቢው ማሳያ አዳራሽ፣ የአትክልት ቦታ፣ ከብቶችና የሕፃናት ትምህርት ቤት አሉ።

ግንቦቹ የተሠሩት ከጭቃና ከጭድ ነው፤ በገጠር ቤት ሲመረግ እንደሚደረገው ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ይቆያል፣ ሲበስል ይለጠፋል። ነገር ግን ምርጊቱ ለስልሶ አልቀረም። ግድግዳው ሁሉ በእጅ ጣት በተሳቡ መስመሮች፣ ጠመዝማዛዎችና ጎርበጥባጣ ቅርጾች ተሞልቷል፤ ከሩቅ ሲታይ የተጎነጎኑት የሽቦ ሥራዎች ወንድም ነው። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ማንም እናት ከበዓል በፊት ግድግዳዋን በእበትና በጭቃ ስትለስን የምታደርገው ነገር እዚህ የሕንፃ መጠን ይዟል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የዘርፉን ሐሳብ በኢትዮጵያ አፈር ላይ ያቆመው ይህ ሕንፃ ይመስለኛል፤ የዕለት ሥራው ራሱ አድጎ ቤት ሆኗልና።

የአደባባይ ጀበናዎች

በቅርብ አሥርት ዓመታት በኢትዮጵያ ከተሞች አደባባይ ላይ ትልልቅ ጀበናና ስኒ በሲሚንቶ መሥራት ተለምዷል። በላይ በላዩ ሲታይ ይህ ከኦልደንበርግ መቆንጠጫ ጋር አንድ ይመስላል፤ አንድ ግን አይደለም። አብዛኞቹ ጀበናውን ያገዘፉት ቡናን ለማስተዋወቅ ወይም እንግዳን እንኳን ደህና መጣህ ለማለት ነው። ከሩቅ ሲታዩ ጀበና ናቸው፣ ከቅርብ ሲታዩም ጀበና ናቸው፤ በመካከል የሚሆን ነገር የለም። ከልኩ ሲወጣ ጀበናው ምን ያሳያል፣ ጥቀርሻውስ፣ አፉ ላይ የሚወተፈው ክር፣ በማቶቱ ላይ ያለው መቀመጫውስ የሚለውን የጠየቁ ጥቂት ናቸው። ያገዘፈ ሁሉ አላሳየም። ሆኖም ልጆች ሥሩ ቆመው ፎቶግራፍ ሲነሡ የሚስቁት ሳቅ ከልብ ነው፤ ከራሳቸው የሚበልጥ የቡና ዕቃ ሥር ሲቆሙ የተሰማቸው ነገር አለ ማለት ነው።

የት ይታያሉ?

የኤልያስ ስሜና የመስከረም አሰግድ ሥራ በመካኒሳው ዞማ ሙዚየም ይታያል። የሴባስቶፖል ቅጂ በቸርችል ጎዳና ላይ ለማንም ክፍት ነው፤ ዋናውን ለማየት ግን መቅደላ አምባ ድረስ መውጣት ያስፈልጋል። ጋፋት ለደብረ ታቦር ከተማ ቅርብ ናት። የወለቃ ሸክላዎች ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ይሸጣሉ፤ እዚያ የቆመ ሰው ከትንንሾቹ ጎን ለዕለት አገልግሎት የተሠሩትን ድስቶችና ጀበናዎችም ቢያይ የተሻለ ነው፤ የትንንሾቹ ቅርጽ የተቀዳው ከእነርሱ ነውና።